ላሙ፣ ሞምባሳ ወይስ ዛንዚባር? በስዋሂሊ ጠረፍ ለሚዝናና ሰው የቀረበ ንጽጽር

ከደቡብ ሶማሊያ ተነሥቶ በኬንያና በታንዛንያ በኩል እስከ ሰሜን ሞዛምቢክ የሚዘረጋው የስዋሂሊ ጠረፍ በጉዞ ማስታወቂያዎች ላይ የሚታየው ሁልጊዜ በአንድ መልክ ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍና ሰማያዊ ውኃ። ምስሉ ሐሰት ባይሆንም ለመምረጥ ግን አይረዳም፤ ነጩ አሸዋ በሁሉም ቦታ አለና። አንዱን መዳረሻ ከሌላው የሚለየው ከአሸዋው ጀርባ ያለው ከተማ ነው፤ ጠዋት ምን ይቆረስበታል፣ ሲመሽ ሰው ወዴት ይወጣል፣ ሙዚቃው በአዳራሽ ይሰማል ወይስ በሠርግ ቤት፣ መንገዱስ የመኪና ነው ወይስ የአህያ? ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሚነጻጸሩት ሦስቱ የጠረፉ ታላላቅ የባህል ከተሞች፣ ማለትም ላሙ፣ ሞምባሳና የዛንዚባር የድንጋይ ከተማ ሲሆኑ፣ በባሕር የመዋኘቱ ጉዳይ ሆን ተብሎ ወደ ኋላ ተገፍቷል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱም የሚጋሩት ብዙ ነገር አለ። ቤቶቻቸው ከኮራል ድንጋይና ከማንግሮቭ እንጨት የተሠሩ ናቸው፤ በሮቻቸው በቅርጽ ያጌጡ፣ መንገዶቻቸው ጠባብና ጠመዝማዛ በመሆናቸው የሐረር ጀጎልን የሚያውቅ ሰው በእነዚህ ውስጥ ሲሄድ ብዙም እንግድነት አይሰማውም። ኢትዮጵያዊውን ይበልጥ የሚያስደስተው ደግሞ የሰዓቱ ነገር ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪው ቀኑን የሚቆጥረው እንደ እኛ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ስለሆነ፣ የጀልባ ነጂ በስዋሂሊ «ነገ በሦስት ሰዓት እንነሣለን» ካለ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። ሆቴሎች እንዲሁም የአውሮፕላንና የመርከብ ትኬቶች ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚሠሩና ነጂውም የውጭ አገር ሰው መሆንዎን ዐይቶ ሰዓቱን ሊቀይርልዎ ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ሦስቱ ከተሞች በጠባያቸው

ላሙ በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት የስዋሂሊ ከተሞች ሁሉ ጥንታዊ መልኩን ጠብቆ በመቆየት የሚስተካከለው የለም፤ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአሮጌው ከተማ ውስጥ መኪና የለም ማለት ይቻላል፤ ሲሚንቶውም፣ ውኃውም፣ የሆቴል እንግዳ ሻንጣም የሚጫነው በአህያ ነው። ቀኑ የሚጀመረው በአዛን ነው፤ የሚመሸው ደግሞ የከተማው ሰው በባሕሩ ዳር ባለው መንገድ ሲንሸራሸር ነው። ላሙ የሚታይ ነገር ከማብዛት ይልቅ ዝግ ብሎ መኖርን የሚያስተምር ከተማ ስለሆነ፣ በቀን አራት ቦታ ካልጎበኘ የሚቆጨው ሰው በሁለተኛው ቀን መሰላቸቱ አይቀርም። በነገራችን ላይ ይህ ስም ለኢትዮጵያውያን በሌላም በኩል ይታወቃል። ላሙን ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው የወደብና የመንገድ ፕሮጀክት መሠረቱ የተጣለው በመጋቢት 2012 ሲሆን፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም ተገኝተው ነበር። አዲሱ ወደብ ከአሮጌው ከተማ ራቅ ብሎ በዋናው መሬት ላይ ስለሚገኝ ጎብኚው በመንገዱ አያገኘውም።

ሞምባሳ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። የኬንያ ሁለተኛ ትልቅ ከተማና የምሥራቅ አፍሪካ ታላቅ ወደብ እንደመሆኑ ጫጫታ፣ ወበቅና የትራፊክ መጨናነቅ የሞላበት ነው። ብዙ ጎብኚዎች አሮጌውን ከተማ ሳያዩ በቀጥታ ወደ ዲያኒ ወይም ወደ ኒያሊ የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች ያልፋሉ፤ በእኔ ግምት ይህ በዚህ ጠረፍ ላይ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ትልቁ ነው። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 የገነቡት፣ ኦማናውያንም ከረጅም ከበባ በኋላ በ1698 የያዙት የፎርት ጂሰስ ምሽግ እንዳለ ቆሞ ይገኛል። ከምሽጉ ጀርባ ያለው አሮጌ ከተማ ደግሞ ለቱሪስት ተብሎ የተዋበ አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት፣ ልብስ የሚሰጣበት፣ ልጆች ከቁርኣን ቤት ሲወጡ የሚሯሯጡበት ሰፈር ነው።

የዛንዚባር የድንጋይ ከተማ በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የኦማን ሱልጣኖች መናገሻ ስለነበር ከሦስቱ ሁሉ በሕንፃ ግርማ የላቀ ነው። ሀብቱ የመጣው ከቅርንፉድ፣ ከዝሆን ጥርስና ከባሪያ ንግድ ነው፤ በ1873 የተዘጋው የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ የአንግሊካን ካቴድራል የተሠራ ሲሆን፣ በቅጥሩ ውስጥ ያለውን መታሰቢያ ሳያዩ ከከተማው መውጣት አይገባም። በ1883 የተሠራው «የአስደናቂ ነገሮች ቤት» የተባለው ቤተ መንግሥት ግን በታኅሣሥ 2020 በከፊል ስለፈረሰ በአሮጌ የጉዞ መጻሕፍት የተነገረለትን ያህል የሚጎበኝ አይደለም። ዛንዚባር ለእንግዳ በሚገባ ተዘጋጅቷል፤ ይህም ጥቅሙም ጉዳቱም ነው። አስጎብኚ፣ ቋንቋ የሚያውቅ አስተናጋጅና በየደረጃው ማረፊያ አይጠፋም፤ በዚያው ልክ ግን በየእርምጃው «ወንድሜ፣ ሱቄን እይልኝ» የሚል ድምፅ ይከተልዎታል።

ማዕዱ

ለመብላት ብቻ የሚሄድ ሰው ካለ፣ ያለ ማመንታት ሞምባሳን ይምረጥ። ይህን የምለው ዛንዚባር ጥሩ ምግብ ስለሌለው አይደለም፤ በሞምባሳ ምርጡ ምግብ የሚበስለው ለነዋሪው ስለሆነ ዋጋውም ጣዕሙም የነዋሪው ስለሆነ ነው። የአሮጌው ከተማ ቁርስ ማሃምሪ፣ ማለትም በኮኮናት ወተትና በሄል የተለወሰ፣ በዘይት ተጠብሶ የሚነፋ ሦስት ማዕዘን ዳቦ፣ ከምባዚ ጋር ነው። ምባዚ በኮኮናት ወተት ቀስ ብሎ የበሰለ የርግብ አተር ሲሆን፣ ከሽሮ ወፍራምነት ጋር የሚቀራረብ ግን ለስላሳና ጣፋጭነት ያለው ወጥ ነው። ወደ ማታ ደግሞ በየጥጉ ምጣድ ይጣዳል። በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ድንች ከሮቃ ስጎ ጋር፣ በሽቦ ተሰክቶ በከሰል የተጠበሰ ሥጋ፣ ሳምቡሳ (ይህንን ማስተዋወቅ አያስፈልግም)፣ በስኳርና በቀይ ቀለም የተለበጠ የባኦባብ ፍሬ ይሸጣል። ማማ ንጊና በተባለው የባሕር ዳር መናፈሻ የሞምባሳ ቤተሰብ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ በሎሚና በሚጥሚጣ የተነሰነሰ የካሳቫ ጥብስ እየበላ፣ የለጋ ኮኮናት ውኃ እየጠጣ መርከቦች ሲገቡና ሲወጡ ያያል። ከዚህ የረከሰና ከዚህ የተሻለ የከሰዓት በኋላ መዝናኛ በጠረፉ ሁሉ አላውቅም።

የሞምባሳን ቢርያኒም ሳይቀምሱ አይሂዱ። የሕንዱ ቢርያኒ ሩዙና ሥጋው በአንድ ድስት ተደራርበው ሲበስሉ፣ የስዋሂሊው ግን ሥጋው በሽንኩርትና በቲማቲም ለብቻው ወጥ ሆኖ ይሠራና በሩዙ ላይ ይደረጋል፤ ስለዚህ የወጥ ሰው ለሆነው ኢትዮጵያዊ የሚስማማው ይህኛው ነው። በተለይ ዓርብ ከጸሎት በኋላ በብዙ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ስለሚሠራ ቀኑን አስቦ መሄድ ይጠቅማል።

ዛንዚባር በማታ ገበያው ይታወቃል። በአሮጌው ምሽግ ፊት ለፊት ባለው የፎሮዳኒ መናፈሻ ፀሐይ ስትጠልቅ ጠረጴዛዎች ይዘረጋሉ፤ ሎብስተሩ፣ ኦክቶፐሱና ዓሣው ተደርድሮ፣ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂው ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር እየተጨመቀ፣ «የዛንዚባር ፒዛ» የሚሉት በስስ ሊጥ የተጠቀለለ የእንቁላልና የሥጋ ጥብስ በትልቅ ምጣድ ላይ እየተገለባበጠ ሲታይ ያምራል። ነገር ግን ማምሩና መጣፈጡ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የባሕር ምግቡ ቀድሞ የተጠበሰ ሆኖ እንደገና የሚሞቅበት ጊዜ ስላለ፣ ዋጋውም እንደ እንግዳው ፊት ስለሚለዋወጥ፣ አስቀድሞ ሳይስማሙ ሰሐን መሙላት አያዋጣም። በዛንዚባር በእውነት ሊፈለግ የሚገባው ኡሮጆ ነው፤ በእርድ ቢጫ ሆኖ በማንጎ የጎመዘዘ ሾርባ ውስጥ ድንች፣ ባጂያ (በዘይት የተጠበሰ የጥራጥሬ ሊጥ)፣ የተቀቀለ እንቁላልና የካሳቫ ጥብስ ተጨምሮበት በኮኮናትና በቃሪያ ስጎ የሚቀርብ የነዋሪው መክሰስ ነው። ቅመም መግዛት የሚፈልግ ሰውም ወደ ዳራጃኒ ገበያ ይሂድ። ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው፣ ሄሉና ቁንዶ በርበሬው ለበርበሬና ለመከለሻ ከምንጠቀምባቸው ጋር አንድ በመሆናቸው ለጎብኚ ከሚዘጋጀው የቅመም እርሻ ጉብኝት ይልቅ ገበያው ለባለ ወጥ ቤት ይረባል፤ ጉብኝቱ ግን ልጆች ይወዱታል።

ላሙ በምግብ ቤት ብዛት ከሁለቱ ያንሳል። በባሕሩ ዳር ያሉት ጥቂት ቤቶች ትኩስ ዓሣ፣ ሽሪምፕ በኮኮናትና ትልቅ ብርጭቆ የማንጎ ወይም የሮቃ ጭማቂ በጥሩ ሁኔታ ያቀርባሉ፤ እውነተኛው የላሙ ማዕድ ግን በቤት ውስጥ ነው። የእንግዳ ማረፊያዎ ባለቤት በቤተሰብ ቤት እራት ሊያዘጋጅልዎ ይችላል። መንገድ ላይ ያገኙት ሰው «እናቴ ታበስልልሃለች» ሲል ግን ቅድሚያ ክፍያ አይስጡ።

ስለ ጾምና ስለ ከብት እርድ አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይላል፤ ይህ ጉዳይ በሌላ ቋንቋ በተጻፉ መመሪያዎች አይገኝምና። በጠረፉ ላይ ያለው ሥጋ ከሞላ ጎደል ሐላል ስለሆነ ለሙስሊም ኢትዮጵያዊ ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም። የእርዱን እምነት የሚጠነቅቅ ኦርቶዶክሳዊ ግን በዓሣና በጥራጥሬ መኖር ይኖርበታል፤ ይህም እንደሚመስለው አስቸጋሪ አይደለም። የጠረፉ ወጥ በቅቤ ፋንታ በኮኮናት ወተት ስለሚሠራ ምባዚው፣ በኮኮናት የበሰለው ባቄላ፣ ጎመኑና የኮኮናት ሩዙ ለጾመኛ የሚሆኑ ናቸው። ቻፓቲ ላይ ግን አንዳንዱ ቤት ቅቤ ስለሚጨምር ይጠይቁ። በዚህ ረገድም ሞምባሳ ይቀድማል፤ ምባዚ በየቀኑ በየጥጉ የሚገኝ በመሆኑ ጾመኛው የሆቴል ምግብ ዝርዝር ሲያገላብጥ አይውልም።

ቡናውም ሊጠቀስ ይገባዋል። በሦስቱም ከተሞች አመሻሽ ላይ በናስ ጀበና ከከሰል ጋር እየዞረ የሚሸጠው ጥቁር ቡና ዝንጅብል የገባበት፣ ስኳር የሌለው፣ ጆሮ በሌላት ትንሽ ስኒ የሚቀዳ ሲሆን፣ ከኦቾሎኒ በስኳር ከተሠራ ጣፋጭ ጋር ይጠጣል። እንደ እኛ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ሦስት ጊዜ አይጠጣም፤ ነገር ግን ወሬው ያው ነው። በድንጋይ ከተማ «ጆውስ ኮርነር» በተባለችው አደባባይ ወንዶች ተቀምጠው ፖለቲካ ሲከራከሩ ለማየት አንድ ስኒ ይበቃል።

ሙዚቃ፣ በዓልና ጨዋታ

በሙዚቃ ዛንዚባር ተወዳዳሪ የለውም። ታራብ የተባለው የጠረፉ ሙዚቃ በሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት ከግብፅ በመጣ ሥልት ተጀምሮ፣ በኋላ በ1928 ወደ ሕንድ ሄዳ ድምጿን ባስቀረጸችው በሲቲ ቢንቲ ሳአድ አማካይነት ከዓረብኛ ወደ ስዋሂሊና ወደ ተራው ሕዝብ ወርዷል። በ1905 የተመሠረተው ኢኽዋኒ ሳፋአ የተባለው ቡድን ዛሬም አለ፤ በ2002 የተቋቋመው የዳው (የሸራ ጀልባ) አገሮች የሙዚቃ አካዳሚም ለእንግዳ ክፍት የሆኑ ዝግጅቶችን ያቀርባል። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ላደገበት ጆሮ የታወቀ ነው፤ ጎረቤትን የሚወጋ፣ ከዳተኛ ፍቅረኛን የሚነካ ቃል በምሳሌ ተሸፍኖ ይዘፈናል፤ ግጥሙ የነካው አድማጭም እንደ አዝማሪ ቤታችን ተነሥቶ ዘፋኟን በገንዘብ ይሸልማል። በየካቲት አካባቢ የሚካሄደው «ሳውቲ ዛ ቡሳራ» የሙዚቃ በዓልና በሐምሌ አካባቢ የሚካሄደው የፊልም በዓል ከተማውን ከመላው አፍሪካ በሚመጡ ሰዎች ይሞሉታል። በሞምባሳም ታራብ አለ፤ ሆኖም የሚሰማው በአብዛኛው በሠርግ ስለሆነ ያልተጠራ ሰው አያገኘውም።

ላሙ የሚበልጠው በበዓል ነው። የነቢዩ መሐመድ ልደት በሚከበርበት ወር መጨረሻ በሪያዳ መስጊድ ዙሪያ የሚደረገው መውሊድ ከጠረፉ ሁሉና ከኮሞሮስ ሳይቀር ሰው ይሰበስባል፤ ከመንዙማውና ከሰልፉ ጎን የአህያ እሽቅድምድም፣ የዋና ውድድርና የሸራ ጀልባ ፉክክር ይካሄዳል። ቀኑ እንደ ጨረቃ ስለሚዞር በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም ይላል። የወሎንና የሐረርን መውሊድ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማየት ልዩ ደስታ ነው። አለባበስ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን በሦስቱም ቢመከርም በላሙ ግን ግዴታ ያህል ነው። መጠጥም በላሙ ከተማ ውስጥ ብርቅ ሲሆን፣ በድንጋይ ከተማ በሆቴሎች፣ በሞምባሳ ደግሞ እንደ ማንኛውም ትልቅ ከተማ ይገኛል።

በጥላ ሥር ጊዜ ማሳለፍ ለሚወድ ባኦ አለለት። በአራት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ስምንት ጉድጓድ፣ በ64 ጠጠር የሚጫወቱት ይህ ጨዋታ የገበጣ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ መሸነፍ ነፃ ነው፤ በዛንዚባርም በላሙም ይገኛል።

ባሕሩ

ስለ ባሕሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ሳያውቅ ሄዶ ይበሳጭበታል። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ርቆ ስለሚሸሽ ለሰዓታት መዋኘት አይቻልም፤ በሰሜን ባሉት በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ከሞላ ጎደል በማንኛውም ሰዓት ይዋኛል። በአንጻሩ ምሥራቁ ጸጥታ፣ በነፋስ የሚበሩ የካይት ተጫዋቾችና የባሕር አረም የሚያመርቱ ሴቶች ያሉበት ነው። ከሞምባሳ ደቡብ ያለው ዲያኒ ከሁሉም ለቤተሰብ ይመቻል። ከላሙ በእግር የሚደረስበት ሼላ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ባዶ አሸዋ ነው፤ ጥላ ግን የለውም። በኪዚምካዚ ዶልፊን የማየት ጉዞ ብዙ ጀልባ ጥቂት እንስሳትን የሚያሳድድበት ስለሆነ አልመክረውም፤ እዚያው ያለውን፣ የ1107 ጽሑፍ ያለበትን መስጊድ ማየት ይሻላል።

ጊዜውና መንገዱ

የጠረፉ ዝናብ በሁለት ወቅት ይመጣል፤ ከባዱ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ ቀላሉ በኅዳር አካባቢ። ይህ ለእኛ የዕረፍት ቀናት ሲሰላ ገና በደረቁና በሞቃቱ ወቅት ስለሚውል መልካም ነው፤ ፋሲካ ግን ብዙ ጊዜ በከባዱ ዝናብ መካከል ስለሚወድቅ መጥፎ ነው፤ በላሙ ብዙ ሆቴሎችም በዚያን ሰሞን ይዘጋሉ። የአዲስ አበባ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጠረፉ ቀዝቀዝ ያለና በአብዛኛው ደረቅ ስለሆነ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በረመዳን ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፤ በአደባባይ መብላትም ነውር ነው። ሌሊቱ ግን በዓመቱ ከሚታዩት ሌሊቶች ሁሉ የደመቀ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞምባሳም ወደ ዛንዚባርም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበራል። ወደ ላሙ በናይሮቢ በኩል በሌላ አውሮፕላን ወደ ማንዳ ደሴት፣ ከዚያም በጀልባ ይገባል። በዋናው መሬት ያለው የላሙ መንገድ ባለፉት ዓመታት በታጣቂዎች ጥቃት የደረሰበት ስለሆነ በአውቶቡስ መሄድን አልመክርም፤ ከመነሣትዎ በፊትም የወቅቱን የጸጥታ ሁኔታ ያጣሩ። ናይሮቢን ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ የሚሠራውን ባቡር ይያዝ፤ አምስት ሰዓት ያህል ወስዶ በጻቮ የዱር እንስሳት ክልል መካከል አልፎ ሞምባሳ ያደርሳል፤ ዕድለኛ ሰው በመስኮት ዝሆን ያያል። ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በደሴቲቱ መንግሥት የተደነገገውን 44 ዶላር የጉዞ መድን መክፈል አለበት፤ የራስ መድን መያዝ አያስቀረውም። ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ የክትባት ካርድም ይጠየቃል።

ለማን የትኛው

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄዱ ባልና ሚስት፣ ከተማም ሙዚቃም ባሕርም በአንድ ሳምንት ማግኘት ከፈለጉ፣ ዛንዚባር ይሻላቸዋል፤ ሦስት ሌሊት በድንጋይ ከተማ፣ የቀረውን በሰሜን ወይም በምሥራቅ ቢያሳልፉ ይበቃል። እናትና አባትን ወይም ትንንሽ ልጆችን ይዞ ለሚሄድ ሞምባሳ ይቀላል፤ ባጃጅ በየቦታው አለ፣ ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፣ በባምቡሪ ከሲሚንቶ ድንጋይ ማውጫነት ወደ ደንነት የተለወጠው ሃለር ፓርክ ልጆች ቀጭኔ የሚመግቡበት ነው። ከሥራ ተዳክሞ ስልኩን መዝጋት የሚፈልግ፣ መጽሐፍ የያዘ ሰው ላሙ ይሂድ፤ ከአራት ሌሊት ያነሰ ግን ለጉዞው ድካም አይበቃም። ታሪክ ብቻ የሚፈልግና ምቾት የማይጠይቅ ሰው ደግሞ ሦስቱንም ትቶ በደቡብ ታንዛንያ ወዳለችው ወደ ኪልዋ ኪሲዋኒ ቢወርድ፣ ኢብን ባቱታ በ1331 የጎበኘውን ከተማ ፍርስራሽና ታላቁን መስጊድ ያለ ግፊያ ያያል።

ሁለት ከተማ ለማጣመር ጊዜ ያለው ሰው ሞምባሳንና ላሙን ቢያጣምር፣ ሁለቱም በኬንያ ስለሆኑ ሁለተኛ የመግቢያ ፈቃድና መድን ከመክፈል ይድናል። በዚህ ጊዜ ሞምባሳን ያስቀድም፤ ከላሙ ጸጥታ በኋላ የሞምባሳ ጫጫታ ይከብዳልና።